የተበላሸ ዲስክ መቀየር፡ በደቂቃዎች የሚያልቀው ሥራ ለምን የሺዎችን መረጃ አደጋ ላይ ይጥላል?

እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በነሐሴ 2010 መገባደጃ ላይ በአሜሪካዋ የቨርጂኒያ ግዛት መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ወይም ለማሳደስ ወደ ቢሮ የሄዱ ነዋሪዎች ለአንድ ሳምንት ገደማ ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል።

በርካታ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዚህች ግዛት አገልግሎታቸው የተስተጓጎለው የመንጃ ፈቃድ ቢሮዎች ብቻ አልነበሩም። ችግሩ 26 የግዛቲቱን መሥሪያ ቤቶች ነክቷል።

የሁሉም መነሻ አንድ የመረጃ ማከማቻ መሣሪያ ነበር። በመሣሪያው ውስጥ የማኅደረ ትውስታ ካርድ ተበላሽቶ ነበር። በኋላ የተደረገው ምርመራ እንዳመለከተው፣ ካርዱን ለመቀየር በተከናወነው ሥራ ላይ የሰው ስህተት ተፈጽሟል።

መሣሪያው አንድ አካሉ ቢበላሽ ሌላው ተክቶት ሥራ እንዳይቆም ታስቦ የተሠራ ነው። ታዲያ ብልሽትን እንዲቋቋም የተሠራ መሣሪያ በጥገና ወቅት እንዴት ይወድቃል?

ይህ ጥያቄ ዛሬ ከመቼውም ጊዜ በላይ የምሥራቅ አፍሪካን ነዋሪዎች ይመለከታል። ኬንያ ውስጥ ኤምፔሳ በ2007፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ቴሌብር በ2021 ሥራ ከጀመሩ ወዲህ በኪስ ይያዝ የነበረው ገንዘብ በሰርቨር ላይ የሚጻፍ ቁጥር ሆኗል። የመታወቂያ፣ የሕክምና፣ የመሬት ይዞታና የትምህርት መዛግብትም ከወረቀት ወደ ዲስክ እየተሻገሩ ነው።

በእነዚህ ማከማቻዎች ውስጥ ደጋግመው ከሚቀየሩት አካላት አንዱ ዲስክ ነው። አንድን ዲስክ አውጥቶ በአዲስ መተካት በራሱ ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ አይወስድም። ሆኖም ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ያሉት ሰዓታት የመረጃውን ዕጣ ፈንታ ይወስናሉ።

ዲስክ ለምን ይበላሻል?

አይቢኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1956 ያስተዋወቀው የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ 50 ትላልቅ ሳህኖች ነበሩት። ይይዝ የነበረው ግን 5 ሚሊዮን ፊደላትን ብቻ ነው። የዛሬዎቹ ዲስኮች በአንድ እጅ የሚያዙ ሆነው 20 ቴራባይትና ከዚያም በላይ መረጃ ይሸከማሉ።

መሠረታዊው አሠራር ግን ብዙም አልተለወጠም። ማግኔታዊ ሽፋን ያላቸው ሳህኖች በፍጥነት ይሽከረከራሉ፤ በበርካታ ዲስኮች ላይ ፍጥነቱ በደቂቃ 7200 ዙር ነው። መረጃውን የሚጽፈውና የሚያነበው ክፍል ከሳህኑ ጋር ሳይነካካ፣ በናኖሜትር በሚለካ ከፍታ ላይ ይንሳፈፋል።

ይህ ሁሉ ለዓመታት ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ የሚሠራ መሣሪያ ማርጀቱ አይቀርም። ኤስኤስዲ የሚባሉት አዳዲሶቹ ዲስኮች የሚንቀሳቀስ አካል ባይኖራቸውም፣ በተጻፈባቸው ቁጥር ያልቃሉ።

አምራቾች በአማካይ አንድ ብልሽት ከመከሰቱ በፊት 1 ሚሊዮን ሰዓት እንደሚያልፍ በምርቶቻቸው ላይ ይገልጻሉ። ይህ ወደ ዓመት ሲቀየር 114 ዓመት ገደማ ይሆናል። ይህ ማለት ግን አንድ ዲስክ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ያገለግላል ማለት አይደለም። አኃዙ ከብዙ ዲስኮች መካከል በዓመት ከ1 በመቶ ያነሱት ብቻ ይበላሻሉ የሚል ግምት ነው።

የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ቢያንካ ሽሮደርና ጋርዝ ጊብሰን በ2007 ይፋ ያደረጉት ጥናት ይህንን ግምት ፈትኗል። ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ ዲስኮችን መዝገብ የመረመሩት ተመራማሪዎች በዓመት የሚቀየሩት ዲስኮች አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ እንደሚደርሱ፣ በአንዳንድ ቦታዎችም እስከ 13 በመቶ እንደሚያሻቅቡ አሳይተዋል።

1000 ዲስኮች ያሉት ተቋም በ3 በመቶ ቢሰላ በዓመት 30 ዲስኮችን ይቀይራል። ይህም በወር ከሁለት በላይ መሆኑ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ተቋም የዲስክ ብልሽት ድንገተኛ አደጋ ሳይሆን የዘወትር ሥራ ነው።

ድር ቢያብር

በ1988 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የነበሩት ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ አንድ ጽሑፍ አቀረቡ። ሐሳባቸው በአጭሩ እንዲህ የሚል ነበር፦ አንድ ትልቅና ውድ ዲስክ ከመግዛት ይልቅ፣ ብዙ ርካሽ ዲስኮችን አንድ ላይ አሰባስቦ እንደ አንድ ማሠራት ይቻላል።

ዲስኮች በበዙ ቁጥር ከመካከላቸው አንዱ የመበላሸት ዕድሉም ይጨምራል። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ አንዱ ቢወድቅ ቀሪዎቹ የእርሱን መረጃ መልሰው ማስገኘት የሚችሉባቸውን አደረጃጀቶች ዘረዘሩ። ይህም ሬይድ የሚለውን መጠሪያ አገኘ። ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1978፣ የአይቢኤሙ ኖርማን ኦውቺ ለተቀራራቢ ሐሳብ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አግኝቶ ነበር።

“ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” እንዲሉ፣ በየግላቸው ደካማ የሆኑት ዲስኮች ሲተባበሩ የጠነከረ ማከማቻ ይፈጥራሉ። ትብብሩ ግን የተለያየ መልክ አለው።

ሬይድ 1 በሚባለው አደረጃጀት ሁለት ዲስኮች አንዱ የሌላው መስታወት ይሆናሉ፤ በአንዱ ላይ የሚጻፈው ሁሉ በሌላውም ላይ ይጻፋል። ሬይድ 5 ከዲስኮቹ የአንዱን ያህል ቦታ ለጥበቃ የሚያውል ሲሆን የአንድ ዲስክ ብልሽትን ይቋቋማል። ሬይድ 6 የሁለት ዲስኮችን ያህል ቦታ ይወስዳል፤ ሁለት ዲስኮች በአንድ ጊዜ ቢበላሹም መረጃው ይተርፋል።

ለምሳሌ አራት ባለ 4 ቴራባይት ዲስኮች ያሉት ማከማቻ በሬይድ 5 ቢደራጅ 12 ቴራባይት መረጃ ይይዛል። በሬይድ 6 ከሆነ ግን የሚይዘው 8 ቴራባይት ብቻ ነው። ልዩነቱ ለደኅንነት የሚከፈል ዋጋ ነው።

ሬይድ 0 የሚባለው ደግሞ ከስሙ በቀር ከሌሎቹ ጋር የሚያመሳስለው ጥበቃ የለውም። መረጃውን ለፍጥነት ሲል በዲስኮች መካከል ይከፋፍላል፤ አንዱ ሲበላሽ ሁሉም ይጠፋል።

የጠፋው መረጃ እንዴት ተመልሶ ይሰላል?

የሬይድ 5ን አሠራር በቀላል የሂሳብ ስሌት መረዳት ይቻላል። ሦስት ዲስኮች 7፣ 4 እና 9 ቁጥሮችን ይዘዋል እንበል። አራተኛው ዲስክ የሦስቱን ድምር፣ ማለትም 20ን ይይዛል።

ሁለተኛው ዲስክ ቢበላሽ በውስጡ የነበረው ቁጥር አልጠፋም። ከ20 ላይ 7ን እና 9ን ስንቀንስ 4 ይቀራል። አዲስ ዲስክ ሲገባ ይህ ስሌት በእያንዳንዱ የመረጃ ክፍልፋይ ላይ ተደጋግሞ ይሠራና መረጃው እንደገና ይጻፋል።

ሁለት ዲስኮች ቢበላሹ ግን ስሌቱ አይሠራም። 7 እና 20 ብቻ ቢቀሩ፣ የጠፉት ሁለቱ ቁጥሮች ድምራቸው 13 መሆኑ ይታወቃል። 4 እና 9 ይሁኑ፣ 5 እና 8 ይሁኑ፣ ወይም 10 እና 3 ይሁኑ ማወቅ ግን አይቻልም።

በእውነተኛው መሣሪያ ውስጥ የሚደረገው ስሌት መደመር ሳይሆን፣ በየዲስኩ ላይ በተመሳሳይ ቦታ ያሉት አንዶች ቁጥር ጎዶሎ ነው ወይስ ሙሉ የሚለውን መመዝገብ ነው። ይህ መዝገብ ፓሪቲ ይባላል። ሬይድ 6 ከዚህ ጋር ሁለተኛ፣ ውስብስብ የሆነ ስሌት ስለሚጨምር ሁለት ያልታወቁ ቁጥሮችን ማግኘት ይችላል።

አደገኛዎቹ ሰዓታት

በሬይድ 5 ውስጥ አንድ ዲስክ ሲበላሽ ተጠቃሚው ምንም ላያውቅ ይችላል። ሥርዓቱ ይሠራል፤ ምናልባት ትንሽ ይዘገያል። ማከማቻው ግን ጥበቃውን አጥቷል። ከዚህ በኋላ አንድ ተጨማሪ ዲስክ ከወደቀ መረጃው ሁሉ ይጠፋል።

ይህ የጥበቃ ማጣት ጊዜ የሚያበቃው አዲሱ ዲስክ ሲገባ ሳይሆን፣ በአዲሱ ዲስክ ላይ መረጃው ሙሉ በሙሉ ተሰልቶ ሲያልቅ ነው። ይህም ረጅም ጊዜ ይወስዳል።

20 ቴራባይት የሚይዝ ዲስክ በሰከንድ 200 ሜጋባይት ቢጻፍበት ለመሙላት 100 ሺህ ሰከንድ ያስፈልገዋል። ይህ 28 ሰዓት ገደማ ነው። ማከማቻው በዚያው ጊዜ ደንበኞችን የሚያገለግል ከሆነ ደግሞ ፍጥነቱ ይቀንስና ሥራው ቀናትን ሊፈጅ ይችላል።

በእነዚህ ሰዓታት ቀሪዎቹ ዲስኮች ከወትሮው የከበደ ሥራ ይጠብቃቸዋል። እያንዳንዳቸው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መነበብ አለባቸው። ባለ 20 ቴራባይት ስምንት ዲስኮች ባሉት የሬይድ 5 ማከማቻ ውስጥ አንዱ ሲበላሽ፣ ከቀሩት ሰባቱ 140 ቴራባይት መረጃ ይነበባል።

ለተቋማት የሚሸጡ በርካታ ዲስኮች አምራቾቻቸው በሚሰጡት መግለጫ መሠረት 125 ቴራባይት ገደማ ሲነበብ ቢበዛ አንድ ጊዜ የማይነበብ ቦታ ሊያጋጥም ይችላል። ለመኖሪያ ቤት ኮምፒውተር የሚሠሩት ደግሞ ይህንን የሚገልጹት በ12.5 ቴራባይት ነው። በተግባር ዲስኮች ከዚህ መግለጫ የተሻለ ውጤት ማሳየታቸው የተለመደ ቢሆንም፣ ትላልቅ ዲስኮችን የሚጠቀሙ ተቋማት ከሬይድ 5 ይልቅ ሬይድ 6ን የሚመርጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ዲስኮች ለምን ተከታትለው ይወድቃሉ?

“አንዱ ዛሬ ከተበላሸ ሌላው በዚህ ሳምንት አይበላሽም” የሚለው አስተሳሰብ ብዙዎችን ያዘናጋል። በአንድ ማከማቻ ውስጥ ያሉ ዲስኮች ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን የተገዙ፣ በአንድ ፋብሪካ የተመረቱ፣ ለእኩል ሰዓት የሠሩና አንድ ዓይነት ሙቀትና የኤሌክትሪክ መዋዠቅ ያሳለፉ ናቸው። ሽሮደርና ጊብሰንም በጥናታቸው የዲስክ ብልሽቶች አንዱ ከሌላው ነጻ ሆነው እንደማይከሰቱ ማስረጃ አቅርበዋል።

ለዚህ ጉልህ ምሳሌ የሚሆነው በኅዳር 2019 ሂውሌት ፓካርድ ኢንተርፕራይዝ ለደንበኞቹ ያወጣው ማስጠንቀቂያ ነው። ኩባንያው አንዳንድ የኤስኤስዲ ዲስኮቹ በውስጣቸው ባለው ሶፍትዌር ስህተት ምክንያት ልክ 32,768 ሰዓት ሲሠሩ ሥራ እንደሚያቆሙና መረጃቸውም እንደማይመለስ አስታወቀ። ይህ 3 ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት ነው።

በአንድ ቀን ሥራ የጀመሩ እንዲህ ዓይነት ዲስኮች ሶፍትዌራቸው ካልታደሰ በአንድ ሰዓት ውስጥ አብረው ሊቆሙ ይችላሉ። በዚያን ጊዜ ሬይድ 6ም ቢሆን አያድንም።

አስቀድሞ ምልክት ማየትስ ይቻላል? የጉግል ተመራማሪዎች በ2007 ከ100 ሺህ በላይ ዲስኮችን መርምረው፣ አንድ ዲስክ በፍተሻ ወቅት የመጀመሪያውን የንባብ ስህተት ካሳየ በቀጣዮቹ 60 ቀናት ውስጥ የመበላሸት ዕድሉ ከሌሎቹ በ39 እጥፍ እንደሚበልጥ ደርሰውበታል። በአንጻሩ ከተበላሹት ዲስኮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዋና ዋናዎቹ የማስጠንቀቂያ መለኪያዎች ላይ ምንም አላሳዩም ነበር።

ስለዚህ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ችላ ማለት አይገባም፤ ማስጠንቀቂያ አለመኖሩ ግን ዋስትና አይሆንም።

ቅያሪው በቅደም ተከተል ምን ይመስላል?

የመጀመሪያው እርምጃ ዲስኩን መንካት ሳይሆን ማረጋገጥ ነው። በመሣሪያው ፊት ለፊት የሚታየው ብርቱካናማ መብራት ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም። የትኛው ዲስክ፣ በየትኛው ቦታ፣ በምን ምክንያት እንደወጣ የሚናገረው ዲስኮቹን የሚቆጣጠረው ክፍል መዝገብ ነው። ከዚያ ላይ የዲስኩን መለያ ቁጥር መጻፍ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው፣ የመጠባበቂያ ቅጂው መኖሩንና መከፈቱን ማረጋገጥ ነው። የቀሩት ዲስኮች ጤንነትም መታየት አለበት። ሌላ ዲስክ የንባብ ስህተት እያሳየ ከሆነ ከቅያሪው በፊት አስፈላጊውን መረጃ ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ይቀድማል።

ሦስተኛው ተገቢውን ምትክ መምረጥ ነው። አዲሱ ዲስክ መጠኑ ከተበላሸው ማነስ የለበትም፤ ዓይነቱና የመገናኛ መስመሩም ከቀሪዎቹ ጋር መጣጣም አለበት። ዋጋውን ብቻ ዓይቶ መግዛት ያስከፍላል።

ለምሳሌ አንዳንድ ዲስኮች ብዙ መረጃ ለመያዝ ሲሉ የመረጃ መስመሮቻቸውን እንደ ጣሪያ ክዳን አንዱን በሌላው ላይ ደርበው ይጽፋሉ። እነዚህ ለተራ አገልግሎት ቢስማሙም፣ ያለማቋረጥ በሚጻፍበት የሬይድ ማደሻ ሥራ ላይ እጅግ ይዘገያሉ። በ2020 ዌስተርን ዲጂታል ለኔትወርክ ማከማቻ ከሚሸጣቸው “ሬድ” የተሰኙ ዲስኮች አንዳንዶቹ ይህንን ዘዴ እንደሚጠቀሙ ካመነ በኋላ ከተጠቃሚዎች ቅሬታ ቀርቦበታል።

አራተኛውና አስፈሪው እርምጃ ዲስኩን ማውጣት ነው። በሬይድ 5 ማከማቻ ውስጥ አንድ ዲስክ ተበላሽቶ ሳለ በስህተት ጤነኛውን ያወጣ ሰው ሁለት ዲስኮች እንዲጎድሉ ያደርጋል። ማከማቻው ወዲያውኑ ይቆማል።

ይህ ስህተት የሚፈጠረው በቀላል ምክንያት ሊሆን ይችላል። አንዳንድ መሣሪያዎች ቦታዎችን ከ1 ሳይሆን ከ0 ጀምረው ይቆጥራሉ፤ በመዝገቡ ላይ “ዲስክ 3” የተባለው ከግራ አራተኛው ይሆናል። አንዳንዶቹ ከላይ ወደ ታች፣ ሌሎቹ ከግራ ወደ ቀኝ ይቆጥራሉ።

ለዚህ መፍትሔው በርካታ መሣሪያዎች ያላቸውን የመለያ መብራት በትዕዛዝ ብልጭ ድርግም ማድረግ ነው። በተጨማሪም አንድ ሰው መለያ ቁጥሩን ሲያነብ ሌላው ሰው ከመሣሪያው ጋር ያመሳክራል። “የቸኮለ አፍሶ ለቀመ” የሚለው አባባል እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ዲስኩ ሥርዓቱ ሳይጠፋ እንዲወጣ በተሠራ መሣሪያ ላይ፣ በመጀመሪያ በትዕዛዝ ከሥራ ውጪ ይደረጋል። ከዚያ ትንሽ ሳብ ተደርጎ ሳህኖቹ መሽከርከር እስኪያቆሙ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ይጠበቃል። ባለሙያው በሰውነቱ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ሙል መሣሪያውን እንዳይጎዳ ወደ መሬት የተያያዘ የእጅ ማሰሪያ ያደርጋል።

አዲሱ ዲስክ ገብቶ ማቀፊያው ሲቆለፍ የማደስ ሥራው በራሱ ይጀምራል፤ አለዚያም በትዕዛዝ ይጀመራል። እስኪያልቅ ድረስ መሣሪያውን ማጥፋት፣ ሌላ ዲስክ መነቅነቅ ወይም ከባድ ሥራ መጫን አይመከርም። ሲያልቅ ደግሞ ማከማቻው ወደ ሙሉ ጤንነቱ መመለሱ በመዝገቡ ላይ ይረጋገጣል፤ መለያ ቁጥሩና ቀኑም ይመዘገባሉ።

ተጠባባቂ ዲስክና የኤሌክትሪክ ጉዳይ

የዲስክ ምትክ በአንድ ቀን በሚደርስባቸው አገሮች የተጻፉ መመሪያዎች፣ መለዋወጫ ከባሕር ማዶ በሚመጣባቸው ከተሞች ሙሉ በሙሉ አይሠሩም። ምትኩ ከግዢ ሂደት፣ ከውጭ ምንዛሪና ከጉምሩክ በኋላ የሚደርስ ከሆነ፣ ማከማቻው ያለ ጥበቃ የሚቆይበት ጊዜ በሰዓታት ሳይሆን በሳምንታት ይቆጠራል።

በመሆኑም መለዋወጫ ዲስኮችን ከመሣሪያው ጋር አብሮ መግዛት ቅንጦት አይደለም። ከዚህም የተሻለው አንድ ዲስክ በመሣሪያው ውስጥ ባዶውን ተጠባባቂ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። አንዱ ሲበላሽ ተጠባባቂው በሌሊትም ሆነ በበዓል ቀን፣ የማንንም እጅ ሳይጠብቅ ይተካዋል።

የኤሌክትሪክ መቆራረጥም ሌላው ፈተና ነው። መብራት ድንገት ሲጠፋ መረጃው ተጽፎ ፓሪቲው ገና ሳይጻፍ ሊቀር ይችላል። በዚያን ጊዜ ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ ድምሩ 20 እያለ ቁጥሮቹ ተለውጠዋል ማለት ነው። ስህተቱ ወዲያው ላይታይ ይችላል፤ የሚታየው ዲስክ ተበላሽቶ ስሌቱ ሲፈለግ ነው።

ይህንን ለመከላከል ዲስኮቹን የሚቆጣጠረው ክፍል የራሱ ባትሪ እንዲኖረው ይደረጋል። ይህም ያልተጻፈው መረጃ መብራት እስኪመለስ እንዲቆይ ያስችላል። ዩፒኤስ የሚባለው የኃይል መጠባበቂያ ደግሞ ሰርቨሩ በሥርዓት እንዲዘጋ ጊዜ ይሰጣል። ሁለቱም ባትሪዎች ያረጃሉ፤ እንደ ዲስኩ ሁሉ በጊዜው መፈተሽና መቀየር ይኖርባቸዋል።

በየጊዜው ማከማቻውን ሙሉ በሙሉ አንብቦ ፓሪቲውን ማመሳከርም ጠቃሚ ነው። ለወራት ያልተነካ ፋይል ውስጥ የተደበቀ የማይነበብ ቦታ፣ ሌላ ዲስክ ከመውደቁ በፊት ሊገኝና ሊጠገን ይችላል።

ሬይድ የመጠባበቂያ ቅጂን ይተካል?

መልሱ አጭር ነው፤ አይተካም። ሬይድ የሚከላከለው የዲስክን ብልሽት ብቻ ነው። በስህተት የተሰረዘ ፋይል ከሁሉም ዲስኮች ላይ ወዲያውኑ ይሰረዛል። መረጃን ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁ ወንጀለኞች ሲገቡም ሬይዱ የተቆለፈውን መረጃ በታማኝነት ይጠብቃል። እሳት፣ ጎርፍና ስርቆት ደግሞ ሁሉንም ዲስኮች በአንድነት ይወስዳሉ።

በመስከረም 2025 በደቡብ ኮሪያዋ ዴጆን ከተማ በሚገኝ የመንግሥት የመረጃ ማዕከል የተነሳው እሳት ለዚህ ምስክር ነው። ከ600 በላይ የመንግሥት ሥርዓቶች አገልግሎት ያቆሙ ሲሆን፣ የመንግሥት ሠራተኞች ሰነዶቻቸውን ያስቀምጡበት የነበረ 858 ቴራባይት መረጃ የያዘ ማከማቻ ወድሟል። ማከማቻው ከመጠኑ ትልቅነት የተነሳ በሌላ ቦታ ቅጂ አልነበረውም።

ቅጂ መኖሩ ብቻም አይበቃም። በጥር 2017 መጨረሻ የሶፍትዌር አበልጻጊዎች የሚጠቀሙበት ጊትላብ የተባለ ኩባንያ መሐንዲስ፣ ሌሊት ላይ ችግር ለመፍታት ሲሞክር የተሳሳተውን ሰርቨር መረጃ ሰረዘ። ስህተቱን ተገንዝቦ ሲያቆም ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ጊጋባይት ብቻ ነበር።

ኩባንያው ከአንድ በላይ የመጠባበቂያ ዘዴዎች ነበሩት፤ አብዛኞቹ ግን በዝምታ መሥራት አቁመው ነበር። ያዳነው አንድ መሐንዲስ ከክስተቱ ስድስት ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ በእጁ የወሰደው ቅጂ ነው። የስድስት ሰዓቱ መረጃ ጠፋ፤ ኩባንያውም የሆነውን ሁሉ በግልጽ ለሕዝብ አስታወቀ።

በዘርፉ የተለመደው ምክር ሦስት ቅጂዎች እንዲኖሩ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻዎች ላይ እንዲቀመጡና ቢያንስ አንዱ ከሕንጻው ውጪ እንዲሆን ነው። ከዚህ ጋር ቅጂውን በየጊዜው ከፍቶ መሞከር ይታከላል። ምክሩ ለባንክና ለሆስፒታል ብቻ ሳይሆን፣ የሠርግ ምስሎችን ባለ ሁለት ዲስክ ሣጥን ውስጥ ለሚያስቀምጥ የፎቶ ቤት ባለቤትም ይሠራል።

የወጣው ዲስክ የት ይሄዳል?

ቅያሪው ሲያልቅ በጠረጴዛ ላይ የተተወው አሮጌ ዲስክ ይረሳል። ዲስኩ ተበላሽቷል ማለት ግን በውስጡ ያለው መረጃ ጠፍቷል ማለት አይደለም። የስም ዝርዝር፣ የሒሳብ መዝገብ ወይም የሕክምና ውጤት ከሳህኖቹ ላይ ሊነበብ ይችላል።

በመስከረም 2022 የአሜሪካ የካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪ፣ ሞርጋን ስታንሊ የተባለው የፋይናንስ ተቋም አካል የሆነው ድርጅት 35 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጓል። ተቆጣጣሪው እንዳለው ድርጅቱ አሮጌ ሰርቨሮችንና ዲስኮችን እንዲያስወግድ የቀጠረው በመረጃ ማጥፋት ልምድ የሌለውን የዕቃ ማጓጓዣ ኩባንያ ነበር። የደንበኞች መረጃ ያለባቸው መሣሪያዎችም በኢንተርኔት ጨረታ ተሸጠዋል።

ኬንያና ኡጋንዳ በ2019፣ ኢትዮጵያ ደግሞ በ2024 የግል መረጃ ጥበቃ ሕጎችን አውጥተዋል። መረጃ የሚይዙ ተቋማት ኃላፊነት ዲስኩ ከመሣሪያው ሲወጣ አያበቃም። የሚሠራ ዲስክ መረጃው በሶፍትዌር ይጠፋል፤ የማይሠራው ደግሞ በአካል ይሰባበራል ወይም ይፈጫል። ዋስትናው ያላበቃ ዲስክ ወደ ሻጩ ከመመለሱ በፊትም በውስጡ ያለው መረጃ የተመሰጠረ መሆኑ መረጋገጥ አለበት።

ሁለተኛው ዲስክ ቢወድቅስ?

በማደስ ሥራው መካከል ሌላ ዲስክ ቢቆምና ማከማቻው ቢዘጋ፣ በድንጋጤ የሚወሰዱ እርምጃዎች ከብልሽቱ በላይ ይጎዳሉ። መሣሪያውን ደጋግሞ ማጥፋትና ማብራት፣ ዲስኮቹን ቦታ ማቀያየር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማከማቻውን እንደ አዲስ እንዲደራጅ ማዘዝ ሊድን ይችል የነበረውን መረጃ ሊያጠፋ ይችላል።

በእንዲህ ዓይነት ጊዜ የሚመከረው ሥራውን ማቆም፣ እያንዳንዱ ዲስክ የነበረበትን ቦታ በጽሑፍ መያዝና የእያንዳንዱን ዲስክ ሙሉ ቅጂ ወስዶ ማንኛውንም ሙከራ በቅጂው ላይ ብቻ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ዲስክ ሙሉ በሙሉ ሳይሞት በጥቂት የማይነበቡ ቦታዎች ምክንያት ብቻ ከሥራ ወጥቶ ከሆነ፣ አብዛኛው መረጃ የመመለስ ዕድል አለው።

ልዩ ባለሙያዎች በጠራ ክፍል ውስጥ ዲስኩን ከፍተው የሚሠሩት የማዳን ሥራ ለእያንዳንዱ ዲስክ ከፍተኛ ገንዘብ የሚጠይቅና ውጤቱም የማይረጋገጥ ነው። ከዚህ ወጪ ጋር ሲነጻጸር አንድ ተጠባባቂ ዲስክ፣ በየወሩ የሚፈተሽ ቅጂና በመሣሪያው ላይ በግልጽ የተለጠፈ የዲስኮች መለያ ቁጥር የሚያስወጡት እጅግ አነስተኛ ነው።